ሦስተኛው መርፌ

ነገ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት፣
ኮምቦልቻ፣ ካዲሱ ፎቅ ቤት፣
ሦስት ሰው ይጠብቀኛል ለቃል ፈተና፤
ዛሬ ግን ደሴ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ፣
ጭጋጉ ከደጄ አልተነሣም ገና።

ነጩን ጋውን ተኮስሁት ሁለቴ፤
ከኪሱ ጫፍ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ አለች፣
የአዮዲን፣ ከተማሪነቴ፤
በሎሚም በበረኪናም አልለቀቀች።
ትቅር።
እሷ ናት አንዲቷ ምስክር፣
ከሰው ቁስል አጠገብ መቆሜን የምትናገር።

ፋይሌን ከፈትሁት፤ ዲግሪው አለ፣ የሙያ ፈቃዱ አለ፣
ፎቶዬ አራት፣ ዓይኔ የፈጠጠ፣ ሻሼ ወደ ግራ ያዘነበለ፤
ከሥር ደግሞ ማንም አምጪ ያላለኝ ሁለት ወረቀት፦
አንዱ በሦስት ነጥብ፣ አንዱ በአንዲት ነጥብ የወደቅሁበት።

መጀመሪያ ስወድቅ አለቀስሁ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ፤
ሁለተኛ ስወድቅ ግን ዝም፤ እንኳን ሰው ትራሴም አልሰማ።
በማግሥቱ ከሙሐባ ልብስ ስፌት ገባሁ፤
ሃያ ወር የሰው ኮት ላይ ቁልፍ ስተክል ከረምሁ።
"መርፌ ያው መርፌ ነው!" ትለኛለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።
ያው አይደለም። የሷ መርፌ
ማንንም "ይቅርታ፣ ትንሽ ያምሃል" ብላ አታውቅም፤
ጨርቅ ብቻ ናት የወጋች።

ማታ ማታ ጋሽ ይማም ነው ፈታኜ፣
ያከራየኝ ሽማግሌ፣ የድሮ የጭነት መኪና ሾፌር፤
እኔ ግፊቱን ልለካለት፣ እሱ ሊጠይቀኝ ተዋውለን፣
እኔ ክንዱን ታቅፌ፣ እሱ ደብተሬን፣ በስልክ መብራት ሥር።
መነጽሩን በላስቲክ አስሮ፣ ጉሮሮውን እንደ ዳኛ ይጠርጋል፦
"በይ እሺ፣ ወይዘሪት ረምላ፣ እጅ የሚታጠበው መቼ መቼ ነው?"
አምስቱን በጣቴ እቆጥራለሁ፤ እሱም አብሮኝ ይቆጥራል።
"በሽተኛው መድኃኒት አልውጥም ቢልሽስ?"
"ለምን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፣ አልቆጣውም።"
"እኔን ግን ትቆጪኛለሽ!"
እንስቃለን።
ከዚያ ድንገት፣ ከደብተሬ ያልነበረ፦
"ከተመረቅሽ አራት ዓመትሽ፤ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" አለ።

ምላሴ ደረቀ።
እናቴን ሳስታምም ልበል?
እናቴ ደህና ናት፣ ሐይቅ ላይ ዓሣ ትቸረችራለች፤
በሌለ በሽታ ስሟን ባነሣ፣ እዚያው ሆና ትሰማኛለች።
የግል ሥራ ላይ ልበል?
የማን ኮት? የስንት ቁልፍ?

ጋሽ ይማም ዝምታዬን አየና፦
"ሐረጎ ላይ ሁለቴ ተገልብጫለሁ" አለ፤
"ሦስተኛውን መኪና ሊሰጠኝ ሲል ባለንብረቱ፣
'ወድቀህ ታውቃለህ?' አለ።
'አዎ' አልሁት፤ 'የትኛዋ መታጠፊያ እንደምትጥል አውቃለሁ።'"
"እና፣ ሰጠህ?"
መልስ የለም። እንቅልፍ ወስዶታል፣
ክንዱ ከጭኔ ላይ እንዳለ።

ወልድያ ተለማማጅ ሳለሁ፣ ሲስተር አበቡ ትለን ነበር፦
"ሁለቴ ወግታችሁ ደም ሥር ካጣችሁ፣
ሦስተኛውን ተዉት፤ ለሌላ እጅ ስጡት፤
የሰው ክንድ አይደለም የመለማመጃ ደብተር።"
ልክ ናት። የኔን ግን ለማን ልስጠው?
ክንዱም የኔ፣ መርፌውም የኔ፣ የሚያመውም እኔኑ ነው።
አምና በጥቅምት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ሦስተኛውን ወጋሁ፤
ደም መለሰ።
ያን ሌሊት እንደገና አለቀስሁ፣ እንደ መጀመሪያው፤
ግቢው ነቃ፤ የሙሐባ እልልታ እስከ ላይኛው ሰፈር ደረሰ።

የክንዱን ጨርቅ ቀስ ብዬ ፈታሁ፣ እንዳይነቃ።
ውጭ አንድ ባጃጅ ዳገቱ አቅቶት ያስላል።
ሁለቱን ወረቀት ከፋይሌ ላወጣ ነበር፤
ተውኋቸው፤ ይቀመጡ እንዳሉ፣ ከፈቃዱ ሥር።
"የት ነበርሽ?" ያለኝን በደብተሬ አሰፈርሁ፤
መልሱን ባዶ ትቼ፣ ከግርጌው ግፊቱን ጻፍሁ፦
መቶ ሃምሳ በዘጠና።
ነገ ሳልሄድ ጨው ቀንስ ልበለው፤
ስንቴ ነግሬው አልሰማኝም ገና።